ዋጋው እንዲያንስ የተፈለገው ቤት

ቤት ከዋጋው በታች እንዲገመት የሚፈልግ ማን ነው?

ጥያቄው የስንታየሁ ነው። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም፤ መልስ የለኝም ማለት ደግሞ አልወድም። ዘጠኝ ዓመት ሆላንድ የተማርኩት እሱን ላለማለት ይመስል።

የሚሰፋው መንገድ ሸዋሮቢት ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቤቶችን ያፈርሳል። ስንታየሁና ጣሪቅ የሚባሉ ሁለት ባልደረቦቼ ከቤት ቤት እየዞሩ ይለካሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ። እኔ የሞሉትን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቼ እያንዳንዱ ቤት ስንት ካሳ እንደሚገባው በስታቲስቲክስ ሞዴል አወጣለሁ። ካሳ ሲባል ሰው የዶሮ ቤቱን ሳሎን ነው ብሎ ያስመዘግባል። ይቀነስልኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ከመቶ ቤት አንድ እንግዳ ነገር አይጠፋም» አልኩት። «ለካና ላክልኝ፣ ሞዴሉ ያስተካክለዋል።»

«ሞዴሉ ምን ያውቃል ዶክተር?» ዶክተር የሚለኝ ለመተረብ ነው፤ ዲግሪውን ሳልጨርስ እንደመጣሁ ያውቃል። «ካርታው ዓረብ አገር ባለች ሴት ስም ነው። አርብ ዝቅተኛው ግምት ላይ ማኅተም ካረፈ ልጅቷ ቤቷን አጣች ማለት ነው። አሁን አጠገቤ ሰው አለ፣ ቢሮ ስመለስ እነግርሃለሁ።»

የማን ቤት ነው አላልኩም። ስብሰባ ነበረብኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስንታየሁን ከመስኖ ቦይ ውስጥ አወጡት።

* * *

ኢንስፔክተር ደመቀች ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ አራት ዓመት ሙሉ ከቆላው ሙቀት ጋር ያልታረቀች ሴት ናት። አንገቷ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ፎጣ አለ። ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብላ የስንታየሁን ጭንቅላት ከኋላ በኩል ስታይ ቆየች።

«ሰምጦ አይደለም። መትተውት ነው የጣሉት።» ከቁስሉ ውስጥ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ነጭ ጠጠር በወረቀት አነሳችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነህ አለቃው?»

«አለቃው አይደለሁም። ቁጥሩን የምሠራው ነኝ።»

«መጨረሻ ያናገረው አንተን ነው። ምን አለህ?»

ነገርኳት። ፎጣዋን ገልብጣ ቀዝቃዛውን ወገን አንገቷ ላይ አደረገች።

«የማን ቤት እንደሆነስ?»

«አልጠየቅኩም።»

«እህ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሬሳው የተገኘው በአቶ ኸይረዲን የሽንኩርት እርሻ ጫፍ ነው። አቶ ኸይረዲን ባለፈው ሳምንት ገበያ መሐል ስንታየሁን «እጅህን እቆርጠዋለሁ» ማለታቸውን ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ኢንስፔክተሯ ሽንኩርቱ መሐል አገኘቻቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ኸይረዲን፣ ከልጁ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ማንጎ። ሠላሳ ማንጎ አለኝ አልኩት። አሥራ ስምንቱ ችግኝ ነው፣ ማንጎ አይባልም አለኝ። ችግኝ ማንጎ ካልሆነ ልጅ ሰው አይደለማ!»

«እጅህን እቆርጣለሁ ብለውታል።»

«ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ። የኔ ልጅ፣ እጅ እቆርጣለሁ ያልኩትን ሁሉ ቆርጬ ቢሆን ይሄ ከተማ የሚጎርስበት እጅ ያጣ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ማክሰኞ ማጀቴ ከተማ ለቅሶ ነበርኩ። ያደርኩትም እዚያው ነው። ልጁን ግን አላህ ይማረው። ችግኞቹን አንድ በአንድ ጎንበስ ብሎ ነው የቆጠረ። ሌላው ከመኪና ሳይወርድ ነው የሚጽፈው።»

ማጀቴ ተደወለ። አርባ ለቀስተኛ አይቷቸዋል።

* * *

የስንታየሁ ቦርሳ ረቡዕ ጠዋት በቢሯችን በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኝቷል። ዘበኛው ራሱ ስንታየሁ የተወው መስሎት ነበር። ቦርሳው ውስጥ ማክሰኞ የተሞሉ ዘጠኝ ቅጾች አሉ፤ ሁሉም በስንታየሁ ስም የተፈረሙ።

ወደ ሞዴሉ አስገባኋቸው። እንግዳ ነገር አላየም። ዘጠኙም ቤቶች እንደ ስፋታቸውና እንደ ክፍላቸው ብዛት የሚገባቸውን ዋጋ አገኙ። በዚህ ጊዜ ነው የተናደድኩት። ሞዴል የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። አምስት ክፍሉን ቤት ሦስት ክፍል ነው ብለህ ብትነግረው፣ ለሦስት ክፍል ትክክለኛውን ዋጋ አስልቶ በኩራት ይሰጥሃል። ውሸቱ ልኬቱ ውስጥ ከገባ፣ ሒሳቡ ያጥበዋል እንጂ አያጋልጠውም። ይህን በሁለተኛ ዓመቴ ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበት ከፍተኛ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ስለዚህ ዋጋውን ትቼ ቁጥሮቹን ማየት ጀመርኩ። በእውነት የተለካ ነገር የመጨረሻ አኃዙ ይበታተናል፤ ሦስትም ሰባትም ዘጠኝም ይሆናል። ከጭንቅላት የተጻፈ ቁጥር ግን ዜሮና አምስት ላይ ይከማቻል። የስንታየሁ ልኬቶች እንደተዘራ ጤፍ የተበተኑ ናቸው፤ አራት ሜትር ከሃያ ሦስት፣ ሦስት ከሰማንያ ዘጠኝ። የጣሪቅ ግን ከላይ እስከ ታች ዜሮና አምስት።

ከዘጠኙ ቅጾች ስምንቱ የስንታየሁ ናቸው። አንዱ፣ ቁጥር አንድ መቶ አርባ ሁለት፣ እያንዳንዱ ልኬት በዜሮ የሚያልቅ ነው። ሰባት ከሃያ። አራት ከሰማንያ። ሦስት ከስልሳ። ሦስት ክፍል። የባለቤቷ ስም ማህደር ይላል፤ አድራሻ ጂዳ።

ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

* * *

ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተለስኖ አረንጓዴ የተቀባ ነው። በሩን የከፈተልን የማህደር ታላቅ ወንድም መሳፍንት፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ግንበኛ፣ ቅጹን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሦስት ክፍል? ማን ነው ሦስት ክፍል ያለው?» እጄን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተተኝ። «ቁጠር ወንድሜ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከጓሮ ደግሞ ሰርቪስ አለ። እህቴ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥባ የላከችው ነው። እኔ በዚህ እጄ ነው የገነባሁት። አሁን በዚህ ወረቀት ካሳ ሲከፈላት ምን ልላት ነው?»

«ስንታየሁ ማክሰኞ መጥቶ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይመጣል ተብሎ ስጠብቅ ቀረ። ከሰዓት ደብረ ሲና ለሥራ ወጣሁ።»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አመንኩት። ስንወጣ ለኢንስፔክተሯ በሙሉ ልብ አብራራሁላት። ይህ ሰው በዝቅተኛ ግምት ከሳሪ ነው፣ ስለዚህ ቅጹን የሞላው ከቤቱ የሚጠቀም ሰው አይደለም። መለካት የሰለቸው ሰው ነው። ቁጥር ወደ ዜሮ የሚያስጠጋ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አለን።

«ሬሳው ከተገኘ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎህ አላየሁህም» አለችኝ።

«ደስ አላለኝም።»

«እሺ። ጣሪቅን እንጥራው።»

* * *

ጣሪቅ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ የአርጎባ ልጅ ነው። ከጣቢያው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ እንኳን ፈገግ ይል ነበር፤ ቅጾቹን እስካወጣሁ ድረስ።

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ ነዋ ኢንስፔክተር። ስምንት ቤት ለክቻለሁ።»

«አልለካም» አልኩ እኔ። ጣቴን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው እያሻገርኩ አሳየኋት። «መቶ አራት ልኬት፣ ሁሉም በዜሮና በአምስት። በእውነት የለካ ሰው እንዲህ ሊገጥምለት የሚችለው ከቢሊዮን አንዴ አይሆንም።»

«የት ነበርክ ጣሪቅ?» አለች ደግማ።

ቅጾቹን ወደ እኔ መልሶ ገፋ። ግንባሩን ላብ አወጣው።

«ስንታየሁ አይለካም ብሎ ሊያመለክትብህ ነበር?»

«ስንታየሁ? ስንታየሁማ የኔን ቤቶች እየደገመ ይለካልኝ ነበር…» አለና ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። የት እንደነበረ ግን አልተናገረም። አሰረችው። በረንዳውን ሲሻገር ወደ እኔ ዞሮ «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ እኔ በሚገባኝ ቋንቋ።

* * *

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ደወለች። «ና። የጀውሃ ከተማ የባጃጅ ተራ አስከባሪ መጥቷል።»

ተራ አስከባሪው ሙሳ ደብተሩን ዘርግቶ ነበር። ጣሪቅ ማክሰኞ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀውሃ ላይ የወንድሙን ባጃጅ ሲነዳ ውሏል። አሥራ አራት ምልልስ። በመንግሥት ሥራ ሰዓት ባጃጅ ይነዳ ስለነበር ነው ዝም ያለው።

«ነፍስ ገዳይ ከመባል ይልቅ ሌባ መባል ያሳፈረው ሰው ዛሬ አየሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። ነገር ግን የምታየው እኔን ነበር።

ጣሪቅን አመጡት። አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረው፤ የቆላ እስር ቤት ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ከንፈሩ ደርቋል። ይቅርታ ልለው ስጀምር በእጁ አስቆመኝ።

«ያንን ቅጽ አሳየኝ። የታሰርኩበትን ነገር ልየው እንጂ።»

አንድ መቶ አርባ ሁለትን ሰጠሁት። አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን አይተህ ነው ጣሪቅ ያልከው? እኔ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጬ እንደምሞላ አልክድም። የጥላ ልኬት ነው የምንለው። ግን እኔ ስዋሽ በአምስት ነው የምዋሸው። አራት ተኩል፣ ሦስት ከሃያ አምስት። ይሄ ላይ አንድ እንኳን ተኩል አለ? አንድ እንኳን ሃያ አምስት አለ?»

አየሁ። የለም።

«ሰባት ከሃያ» አለ። «አርባ አርባ እያልክ ቁጠረው።»

«አሥራ ስምንት ጊዜ።»

«አራት ከሰማንያ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ሦስት ከስልሳ ዘጠኝ ነው። አምስት ከሃያ አሥራ ሦስት። የብሎኬት ርዝመት ስንት ነው ዶክተር? ወይስ ሆላንድ ቤቱን በምን ነው የሚሠሩት?»

አርባ ሴንቲ ሜትር። መንገድ ዳር የሚጫወት ሕፃን ያውቀዋል። እኔ የመጨረሻውን አኃዝ ብቻ አይቼ፣ ዜሮ ነው ብዬ፣ በቢሊዮን አካፍዬ ሰው አሳሰርኩ።

«ይሄን የሞላው ሰው በሜትር አልለካም» አለ ጣሪቅ። «ብሎኬት ቆጥሮ ነው። ግንበኛ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ከመሳቢያዋ ወረቀት አወጣችና ነጯን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ አንከባለለቻት። «ይቺንስ?»

ጣሪቅ በጥፍሩ ፈረፈራት። «ፑሚስ ናት። ብሎኬት የሚሠራበት።»

* * *

መሳፍንት ሦስት ሰዓት ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። የታሰረውን ሰው ለመክሰስ የተጠራ መስሎት ነበር። ኢንስፔክተሯ ከቢሮዋ ውጭ፣ ካልተለሰነው የጣቢያው ግድግዳ ፊት ወንበር ሰጠችው።

«ይሄን ግድግዳ ላስለስን ፈልጌ ነበር። ስንት ሜትር ይሆናል?»

ቀና ብሎ አየ። ከንፈሮቹ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። «ስድስት ከአርባ።»

«ዶክተር?»

«ቅድም ለክቼዋለሁ። ስድስት ከሃምሳ አምስት።»

«አሥራ አምስቷ ሴንቲ የት ገባች አቶ መሳፍንት?»

«እሷማ በብሎኬቱ መሐል ያለው ሲሚንቶ ነው» አለ የሙያ ኩራት በተሞላበት ድምፅ። «ግንበኛ ሲሚንቶውን አይቆጥርም።»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። ለማንበብ ጊዜ ሰጠችው።

«በዚህ ከተማ ስንት ግንበኛ አለ» አለ በመጨረሻ።

«ብዙ። የእህትህ ቤት ግን የተለሰነ ነው። ብሎኬቱ ከውጭም ከውስጥም አይታይም። ልስኑ ሥር አሥራ ስምንት ብሎኬት እንዳለ የሚያውቀው የደረደረው ሰው ብቻ ነው።» እጇን ዘረጋች። «የፍርድ ቤት ፈቃድ አለኝ። ስልክህን።»

ስልኩ ላይ የቅጽ አንድ መቶ አርባ ሁለት ፎቶ ነበር። ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ ማለትም ቦርሳው በራችን ላይ ተንጠልጥሎ ከመገኘቱ በፊት በዋዜማው፣ ለእህቱ ተልኳል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «መንግሥት የገመተልሽ ይሄን ነው። ከሚፈርስብሽ እኔ ልግዛሽ፣ ዕዳውን እኔ ልሸከመው።» የርሷ መልስም አለ፦ «እሺ ወንድም ጋሼ፣ አንተ ካልክ። ሐሙስ ከሰዓት ማዳም ለሁለት ሰዓት ያህል ትለቀኛለች፣ ቆንስላ ሄጄ የሽያጩን ውክልና እፈርማለሁ።»

የቤቱን ስም ወደ ራሱ ካዞረ በኋላ ግምቱ አነሰ ብሎ አቤት ሊል፣ አምስቱን ክፍል አስቆጥሮ ካሳውን በስሙ ሊቀበል ነበር። ለዚህ የጎደለው ዝቅተኛ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እኔ ባዘጋጀሁት ቅጽ ላይ።

«ለመንኩት» አለ መሳፍንት። «አንድ ወረቀት ነው፣ ነገ ትቀይረዋለህ አልኩት። እምቢ አለ። ለባለቤቷ ራሴ እነግራታለሁ አለኝ። ብሎኬቱ እጄ ላይ ነበር።» ከዚያ ደግሞ ቀና ብሎ፣ አሁንም ሳስታውሰው ጥርሴን በሚያስነክሰኝ ድምፅ፣ «እሷ ብር ላከች እንጂ ምን አደረገች? አንዲት ብሎኬት አንስታለች?» አለ።

ኢንስፔክተሯ በእርጥብ ፎጣዋ ፊቷን ሸፈነች። ስታወርደው አዛውንት መስላ ነበር። «አንሱት ከፊቴ» አለች።

* * *

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ውሻ እንኳን ጥላ በሚፈልግበት ሙቀት፣ ከጣሪቅ ጋር አረንጓዴውን ቤት ለካነው። እሱ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ፤ እኔ አነበብኩ።

«ሰባት ከሠላሳ ሰባት።»

«ጻፈው። ሠላሳ አምስት እንዳትለው፣ ሱስ አለብኝ።»

አልሳቅንም። አምስት ክፍል፣ ሰርቪስ፣ ጉድጓድ፣ የታሸገ ፍሪጅ የቆመበት ያልተገባበት ማዕድ ቤት። አንዱ ክፍል ውስጥ ከላስቲኩ ያልወጣ አልጋ ነበር። ጣሪቅ የአልጋውን ላስቲክ በጣቱ ነካ አድርጎ ተወው።

«ስንታየሁ እዚህ ደርሶ ነበር ማለት ነው» አለ። «ደውሎልሃል። ምን አልከው?»

«ለካና ላክልኝ።»

ሜትሩን ጠቀለለ። «እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ» አለ። «ጊዜ የለህም። ለልጅቷ ንገራት።»

ኢንስፔክተሯ ለማህደር ስትደውል ነበር የቆየችው፤ ስልኩ አይነሳም። ሥራ ላይ ስትሆን ማዳሟ ትቀማት ይሆናል። ለቆንስላው ደብዳቤ ተጽፏል፤ ደብዳቤ በስንት ቀን እንደሚደርስ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፈርማ ከሆነ ሽያጩን ለማፍረስ የርሷ ቃል ያስፈልጋል። ካልፈረመችም አዲሱን ግምት በሠላሳ ቀን ውስጥ መቀበል ያለባት ራሷ ናት። ሌላ ተወካይ የላትም። የነበራት አንድ ወንድሟ ነው።

ቁጥሯን ከመሳፍንት ስልክ ገለበጥኩ። መጀመሪያ ረጅም ጻፍኩ፤ ስለ ሞዴሉ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ስህተቴ። ለርሷ ሳይሆን ለራሴ እየጻፍኩ እንደሆነ ሲገባኝ ሁሉንም አጠፋሁት። ስለ ወንድሟ የጻፍኩትንም አጠፋሁ። ሁለት ሰዓት ፈቃድ ያላት ሴት ያንን ቆንስላ ሰልፍ ላይ ቆማ ማንበብ አለባት ብዬ አላሰብኩም። ልክ ልሁን አልሁን እስካሁን አላውቅም።

«ማህደር፣ ስሜ ልዑል ነው። ቤትሽን ዛሬ ለክተነዋል። አምስት ክፍል ነው፣ ሰርቪስም አለው። የተላከልሽ ወረቀት ውሸት ነው። አትፈርሚ። ከፈረምሽም ንገሪኝ፣ ማስቆም እንችላለን።»

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ላክሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ተነብቧል። ሠላሳው ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነ። አልመለሰችም።